በእህቴ ስም

ሰኔ 3
ዝናብ። እማዬ የበግ ጠጉር ስትባዝት ዋለች፤ እኔ ስፈትል። ክሩ እጄ ላይ ይበጠሳል... "ልብሽ የት ነው ያለው?" አለችኝ። የት እንዳለ ባውቅማ!
ከቤሩት ከተመለስኩ ስምንት ወር። ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ከሰዓት ያለ ምንም ጉዳይ መናኸሪያ ሄድኩ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ሲጭን አየሁና ተመለስኩ። የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ሥራዋ ይሄ ነው?

ሰኔ 6
እየሩስን መንገድ ላይ አገኘኋት። አሥራ ሁለተኛን አብረን ነው የጨረስነው፤ አሁን ወረዳው ሴቶች ጉዳይ ትሠራለች። "ሰርካለም፣ አንቺን ስፈልግ!" አለች። አንድ ድርጅት ከስደት ለተመለሱና ለተፈናቀሉ ሴቶች የትምህርት ዕድል አውጥቷል። ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ዓመት፣ መኝታውም ምግቡም በእነሱ። ነርሲንግም አለበት። ሐምሌ 5 ይዘጋል። የሚጠይቁት የአሥራ ሁለተኛ ውጤትና ተሰደሽ እንደነበር የሚያሳይ ፓስፖርት።
"ሁለቱም አሉሽ አይደል?"
ወረቀቶቹማ አሉኝ... ምን ብዬ ልንገራት?

ሰኔ 7
ፓስፖርቱን ከሳጥን አወጣሁት። ፎቶው የእኔ፣ ስሙ ጌታነሽ ገብረየሱስ። ታላቅ እህቴ።
አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ዓመት በረዶ ገብሱን እንዳለ መታው። ማለፊያ ውጤት አምጥቼ ነበር። አባባ "ዘንድሮስ ዩኒቨርሲቲ አይሆንም" አሉ። ሰው ወደ ቤሩት የሚልከው ደላላ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አላሻግርም ስላለ በጌታነሽ የልደት ወረቀት ወጣሁ። አባባ ፈረሙ። አምስት ዓመት ሙሉ "ጌታነሽ" ሲሉኝ "አቤት" አልኩ።
ወረቀቱ ላይ የተሰደደችው እሷ ናት፤ የተማርኩት ደግሞ እኔ።

ሰኔ 10
ዮሴፍ የሚባል የድርጅቱ ሠራተኛ ወረዳ መጥቶ ነበር። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ "እነዚህ እኮ ሁለት ሰዎች ናቸው" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቶቹን መለሰልኝና፣ "ፍርድ ቤት አስተካክይው። እህትሽ ቀርባ ከአገር ወጥቼ አላውቅም ትበል። የፈረመውም ሰው ይቅረብ።"
ለአባባ ነገርኳቸው። "ልታሳስሪኝ ነው?" አሉ። እራትም አልቀመሱ።

ሰኔ 13
ያ ደላላ ገበያ ላይ አየኝ። ወሬው ደርሶታል። "ምን ያስጨንቅሻል? በጌታነሽ ስም የአሥራ ሁለተኛ ወረቀት አሠራልሻለሁ። ማን ያውቃል?"
እምቢ ማለት ነበረብኝ። "ላስብበት" ነው ያልኩት።
መንገዱን ሙሉ አሰብኩበትም። አራት ዓመት ለፍቼ ዲግሪው ላይ ጌታነሽ? ደግሞ እንደገና "አቤት" ልል?

ሰኔ 15
ሞላሌ፣ እህቴ ቤት። ጎመን ስትቀነጥስ ደረስኩ። የመጣሁበትን ነገርኳት። ቀና ሳትል፣ "አልመጣም።"
"ለምን?"
ባሏ ወንዳፈራሁ ጓሮ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አምና ፓስፖርት ላወጣ ሄጄ ነበር።" ሕፃን ልጇ ከሞተባት በኋላ ነው። ከዚህ ቤት የትም ልሂድ ብላ። ለማንም አልተናገረችም። "ጸሐፊው ኮምፒውተሩን አይቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ጌታነሽ ገብረየሱስማ ቤሩት ናት።' እፊቱ ቆሜ!"
ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።
ይቅርታ አልኳት። ይቅርታ ምን ይሠራላታል? መንገዱን የዘጋሁባት እኔ። ትመስክር ብል ያ ሁሉ ይወጣል፤ ባሏም ይሰማል።

ሰኔ 17
ምንም።

ሰኔ 21
ለእየሩስ "ይቅር" አልኳት።
"ምኑ ነው የሚቀረው?"
"ሁሉም።"
ተቆጣችኝ። ትቆጣ። ሦስት ጊዜ ቤት ጠረግሁ ዛሬ። እማዬ መጥረጊያውን ደበቀችብኝ።

ሰኔ 26
ጌታነሽ መጣች! ከወንዳፈራሁ ጋር! ነግራዋለች። "ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው 'ተነሽ፣ አብረን እንሂድ' አለኝ።"
ወንዳፈራሁ ሻዩን ሳይነካ ተቀምጦ ቆየና፣ "አጠገቤ ተቀምጣ ልትሄድብኝ ስታስብ አላየሁም" አለ። ለማን እንዳለው እንጃ። ለራሱ ይመስለኛል።
አባባ ግን ተነሥተው ወጡ።

ሰኔ 30
ፍርድ ቤት። ዳኛዋ ሴት ናቸው።
"ከአገር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?"
"ከደብረ ብርሃን አልፌ አላውቅም፣ ክብርት ዳኛ" አለች ጌታነሽ። አምና ፓስፖርት ልታወጣ መሄዷንም ተናገረች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ወንዳፈራሁ መሬት መሬቱን ያያል።
"የልደት ወረቀቱን ይዞ የፈረመው ማን ነው?"
በሩን በሩን አየሁ። አባባ ጠዋት "እርሻ አለብኝ" ብለው ነበር የወጡት... በሩ ተከፈተ። እግራቸው ጭቃ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። "እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ሃያ ሁለት ነች ያልኩ እኔ ነኝ።"
በፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሰርካለም መሆኗ ተጽፎ ተሰጠኝ። የአባባ ጉዳይ ለብቻው ይታያል፤ ይጠራሉ ተባለ። ስንወጣ "አባባ..." አልኩ። "ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ" አሉኝ።

ሐምሌ 4
ማመልከቻውን አስገባሁ። አንድ ቀን ሲቀረው።

ሐምሌ 22
የቃል ፈተና፣ ደብረ ብርሃን። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን መኪና አልነበረም። ዛሬ ማለዳ በግ የጫነ አይሱዙ አገኘሁ። በግ በግ እየሸተትኩ ገባሁ።
ሦስት ሰዎች። "ለምን ነርሲንግ?" ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ስለ ቤሩቷ አሠሪዬ፣ ስለ ማዳም እናት ነገርኳቸው። አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት። ኢንሱሊን የምወጋ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል የማገላብጥ እኔ። ሐኪሙ አንድ ቀን "ነርስ ነሽ?" አለኝ። ማዳም ሳቀች፤ "ሠራተኛ ናት።"
"ያኔ ምን ተሰማሽ?" አሉኝ።
"ሐኪሙ ደግሞ ቢጠይቀኝ ብዬ ተመኘሁ።"
የሞኝ መልስ... ምን ነበር ሌላ ብል?

ነሐሴ 11
አባባን ጠሯቸው። ለመታሰር እንደሚሄድ ሰው ጋቢና ቆሎ ይዘው ወጡ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆመች። እኔ ደግሞ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት።
ወደ አሥር ሰዓት ተመለሱ። "መክረው ለቀቁኝ" አሉ። ጫማቸውን ማውለቅ አቃታቸው። አወለቅሁላቸው። ራሴን ዳሰሱኝ።

ጳጉሜን 2
ተደወለ። አለፍኩ!! እማዬ እልል ስትል ጎረቤት "ልታገባ ነው?" ብሎ መጣ።
ለጌታነሽ ደወልኩ። እሷም ወሬ ነበራት። "እኔም ፓስፖርቴን አወጣሁ።"
"ልትሄጂ ነው?"
"እንጃ። ግን ይኑረኝ። ወንዳፈራሁም ያውቃል።"

ኅዳር 18
ደብረ ብርሃን። የአናቶሚ ፈተና ተመለሰ። ሰባት ከሃያ። አጠገቤ የምትቀመጠው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አሥራ ሁለት አምጥታ ታለቅሳለች! መምህሩ ወረቀቴን አይቶ፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ። ደብተር ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር አልኩት። "ቅዳሜ ድጋሚ እሰጣለሁ፣ ተዘጋጂ።"
ቅዳሜ... ምሳም አልወረደልኝ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እስከ ዛሬ የምፈራው የሰው ነገር ነበር፤ ደላላ ምን ይላል፣ ማዳም ምን ትላለች፣ አባባ ይታሰሩ ይሆን። ይሄኛው ፍርሃት የራሴ ነው።
ክርን ላይ የሚገናኘው ሦስት አጥንት ነው። ሁለት ብዬ ነበር። ላይብረሪው ሳይዘጋ ልሂድ።