በሦስት ግንድ ክሽክሽ የተነሳ

ጥር 9 ቀን

ንቦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ አሁንስ ቀና አለ? ጋሼንስ ሳሉ ተዋቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ያላማረብኝ ሥራዬ ነው።

ባቄላዬን ክሽክሽ ወረረው፣ ጭማቂውን መጥጦ አጠወለገው፣ እዚያ የምትረጩትን መርዝ ላክልኝ ብለው ጽፈውልኛል። አልልክም። ሳይቆጡ ምክንያቱን ይስሙኝ።

ቲማቲም የሚበቅልበት አንድ ግሪንሃውስ፣ የላስቲክ ቤት ማለት ነው፣ በእኔ እጅ ነው። አበባው ፍሬ የሚይዘው ውስጡ በተቀመጠው ቀፎ ንቦች ነው። መርዝ የሚረጭ ሰው አመሻሹ ላይ ንቦቹ እስኪገቡ ጠብቆ፣ የቀፎውን በር ዘግቶ፣ ተሸክሞ ያወጣዋል። ደንቡ ይኸው ነው። እኔ ግን ሦስት ግንድ ላይ ክሽክሽ አይቼ ተሸበርኩና በጠራራ ፀሐይ ረጨሁ። በማግስቱ ንቦቹን እንደ ተሰጣ ገብስ መሬት ላይ አገኘኋቸው። ክሽክሹን ሲለቅሙልኝ የነበሩት ቀያይ ጥንዚዛዎችም አብረው አለቁ። ቅጠል ሥር ተደብቆ የተረፈው ክሽክሽ ግን የሚለቅመው ጠላት ጠፍቶለት በሳምንቱ ቤቱን ሞላው።

አለቃችን ሴት ናት፤ አትጮህም። «አንተ ያየኸው አንዷን ክሽክሽ ነው» አለችኝ። «አንዷ ከመሰሎቿ ጋር መንጋ ናት። መንጋው ከሚበላውና ከሚበሉት ጋር ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከአፈሩ፣ ከውሃውና ከሙቀቱ ጋር አንድ ቤት ነው። ቤት አፍርሶ ትኋን ገደልኩ የሚል ካንተ ሌላ አላየሁም።» ቀንም ቆረጠችልኝ፦ እስከ ቅዳሜ ፍሬ ካልታየ ተክሉ ይነቀላል፤ እኔም እሰናበታለሁ። አዲስ ቀፎ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የንቦቹን ሥራ እኔው ይዣለሁ። በቀጭን ዱላ የአበባውን ዘለላ አንድ በአንድ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ፍሬ የሚያስይዘው ብናኝ ይራገፋል። ግንዱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው። ክሽክሹንም በውሃ እያጠብኩ አወርዳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ቀባሪው፣ ዛሬስ ስንት አስከሬን አነሳህ?» ይሉኛል። ይበሉ። አንድም አበባ ሳልነካ አላልፍም።

እርስዎም የባቄላውን ጫፍ ጫፍ ቀንጥሰው ያቃጥሉ፤ ክሽክሹ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ጥንዚዛ ካዩ አይንኩብኝ።

ለጋሼ፣ ለልጆቹ፣ ለጎረቤትዎ ለልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የእናታችንን ጉልበት ይሳሙልኝ። ብናኙ የሚራገፈው ሲሞቅ ነው፤ ይኸው ሞቀ። ሰባተኛውን የቲማቲም መስመር መሀል ላይ ትቼው ነው የመጣሁት፤ ወጣሁ።