ሰባት ግራም እርሳስ

ለውድ እህቴ ለኡና፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ? ግራንትና ልጆቹ ደህና ናቸው? ፍሬያ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እያስተማራት ያለው አባቷ ነው መሰለኝ። አንቺ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ እንዳልነካሽ አውቃለሁ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ትናንት የተራራው ጫፍ ነጭ ለብሶ አደረ። ለቀብሩ ባለመምጣትሽ የተቀየመሽ የለም፤ ካለም ለእኔ አልነገረኝም።

አባዬን ከቀበርን አምስት ሳምንት ሆነን። ሰዎች ሊያጽናኑኝ እየመጡ ደረቅ ፊቴን አይተው ይመለሳሉ። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ ታውቂ የለም? እንደዚያ ነኝ። ላሞቹን አልባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ አሮጌዋ ጂፕ ነው። ስሟን ስጠራ ደብዳቤውን እንዳትጥዪው፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቅዳሜ በጎቹን ከተራራ እናወርዳለን። ጎረቤታችን ብያርትማር መጥቶ፣ «የአባትህ የቶርላክ ጂፕ ስንቃችንን ሳትጭን ወጥተን አናውቅም፤ ዘንድሮም ታስነሳታለህ» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚነዳት አባዬ ብቻ ነበር። የቤንዚን መዝጊያውን ከፍቼ በእጅ ፖምፓው ቤንዚን ሳብኩላት፤ ሁለቴ አስነጠሰችና ጸጥ አለች። ኮፈኑን ስከፍት ለሞተሯ ቤንዚን ከሚሰጠው ካርቡሬተር ይንጠባጠባል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ብፈታቸው ጠቁረው ርሰዋል። ብያርትማር ካርቡሬተሩን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አደረገና፣ «መርፌዋ ቆሻሻ ነክሳ ይሆናል፤ አንዳንዴ ኩርኩም ይበቃታል፣ እንደ አንተ» አለ።

አልበቃትም። ፈታሁት፤ የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋዋን መርፌ አጠብኩ፣ ቀዳዳውን በአፌ ነፋሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። አሁንም ያፈሳል። የቀረችው ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፈው የነሐስ ኳስ ነበረች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መርፌዋን ገፍታ የምትዘጋው እሷ ናት። ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት፤ ውስጧ ደረቅ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኳት፤ አረፋ አላወጣችም። ቀዳዳ የላትም ማለት ነው። ጎኗ ላይ ግን ባቄላ የሚያህል እርሳስ ተለጥፏል። እማዬ በሞተችበት ዓመት በጎቹ ሲወልዱ ነው አባዬ ቀዳዳዋን የደፈነው። የእሱን እጅ የትም አውቀዋለሁ፤ ሁሉን ነገር ከሚበቃው በላይ ያደርግበት ነበር።

ብያርትማር ከተጣለችው የራሱ ጂፕ ሌላ ኳስ ፈትቶ አመጣ። በእማዬ የዱቄት ሚዛን መዘንናቸው። የአባዬዋ በሰባት ግራም ትበልጣለች። «በቃ፣ ከብዳለቻ! ካልተንሳፈፈች ቤንዚኑን ማን ያቆመዋል?» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ያን ጠዋት እያሰብን ነበር።

አንቺ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ አሥራ አንድ። አባዬ በጎቹን ሊያወርድ በፈረስ ወጥቷል። እማዬ ሆዷን ይዛ፣ ሐኪም ቤት እስክታደርሻት ኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። አባዬ እንዳስተማረሽ ፖምፓውን ስድስት ጊዜ መታሽ፣ ቾኩን እስከ ጥጉ ሳብሽ፣ ቁልፉን አዞርሽ፤ አልተነሳችም። ብያርትማር በትራክተሩ እስኪደርስልን ሁለት ሰዓት አለፈ፤ እማዬም ወንዙን ሳትሻገር አረፈች። አባዬ ተመልሶ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ቾኩን አለቅጥ ስበሽ በቤንዚን ያሰመጥሻት አንቺ ነሽ!» አለሽ። እኔም አመንኩት። ቤቱን ጥለሽ ስትሄጂ አውቶቡሱ ጋ እጅሽን አልጨብጥም ያልኩት ለዚያ ነበር።

ሌላም አለ። የቤንዚን መዝጊያው ያኔ አልነበረም። አባዬ በኋላ ነው ያስገባው፤ ከአጥሩ በር ላይ ይዘጋውና በተረፈችው ቤንዚን እቤት ይደርስ ነበር። እኔ ንፉግ ነው እያልኩ ስስቅበት ኖርኩ። ብያርትማር ግን እንዲህ አለኝ፤ «መዝጊያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናትህ በሞተች በወሩ መጣ። ምን ያደርግልሃል ብዬ ስጠይቀው፣ መኪናዋ ራሷ ናት በቤንዚን የምትሰምጠው አለኝ። ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ሄደ። ያኔ አላገናዘብኩትም፣ ምን ላድርግህ።»

ያውቅ ነበር፣ እታለም። ሃያ ሁለት ዓመት ያውቅ ነበር። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ለእኔ አቀብሎ ወደ በጎቹ የሚወጣው ለዚህ ነው እላለሁ። ልናደድበት ይገባኝ ነበር። ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

ዛሬ ጠዋት ሞተሯ ቀዝቃዛ ሳለች የአባዬን ኳስ መልሼ ገጠምኳት። ፖምፓውን ስድስት ጊዜ፣ ቾኩን እስከ ጥጉ፣ ከዚያ ቁልፉን። ሰመጠች። ካንዴላዎቹን አድርቄ የብያርትማርን ኳስ ገጠምኩ። ስድስት ጊዜ፣ እስከ ጥጉ፣ ቁልፉን። በአንዴ ተነሳች። ምንም አልለወጥኩም፤ አንቺ ያደረግሽውን ነው ያደረግኩት። ሞተሯ እየሠራች ዞሬ ኋላ ወንበሩን አየሁት። ያኔም አላለቀስኩም።

እርሳሱን ፍቄ ከዚህ ወረቀት ጋር አሽጌዋለሁ። የወደድሽውን አድርጊው። የአባዬን ይቅርታ እኔ ልጠይቅለት አልችልም፤ ስለ አውቶቡሱ ግን ይቅር በዪኝ።

ለግራንት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጅሽን ሮቢን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የበጎቹን ፎቶ አልረሳሁም በዪው። ብያርትማር «ልጅቷን ሰላም በልልኝ» ብሏል፤ አርባ ልትደፍኚ ነው፣ እሱ ዘንድ ግን ገና ልጅቷ ነሽ። ፍሬያንም ሳሚልኝ። መንዳቱን ግን አንቺ ራስሽ አስተምሪያት።

ወንድምሽ ኮልበይን
ብሬካ፣ ሰሜን አይስላንድ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1998