በሠርግ መካከል የደረሰ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፤ ጎሬ።

አባባ፣ ይህች ወረቀት በዓለ ሃምሳው ሳይወጣ እጅዎ እንድትገባ እመኛለሁ። ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ያ የሚነዘንዝዎ የጉልበት ሕመም ተሻለዎ ወይ? በጎሬ ዝናብ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ከሆነ እባክዎ ያን ወፍራም ጋቢ ይደርቡ። ዓይንዎስ እንዴት ነው? ወንድሜ ግሩም መነጽሩን አስቀየረልዎ? እኛ፣ እማዬም እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ስኳር ከፋሲካ ወዲህ ልኩን ይዟል፤ መርፌዋንም በሰዓቷ ትወጋለች። እኔም ከንዴቴ በቀር ምንም አልሆንሁ።

ስለ ንዴቴ በስልክ ጀምሬልዎ ነበር፤ እርስዎ ግን ነገር እየደራረብሽ አታስጨንቂኝ፣ ረጋ ስትይ በወረቀት ጻፊልኝ አሉኝ። መርጋቱ እንኳ አልሆነልኝም፤ ከሥሩ ልንገርዎና እርስዎው ይፍረዱኝ።

እንደሚያውቁት የምሠራው በመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ፣ በኮምፒዩተር ክፍሉ ነው። መጋዘናችን ዘንዘልማ ነው። እማዬ የምትወጋው ኢንሱሊንም እዚያው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከስምንት ዲግሪ በላይ ሞቆ ከሰነበተ አይሆንም። አምና በክረምት ቅዳሜ ዕለት መብራት ጠፍቶ፣ ሰኞ ጠዋት በሩ እስኪከፈት ማንም አላወቀም። ያ ሁሉ ካርቶን ተጣለ። ያን ሰሞን እማዬ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትንከራተት ለምን እንዳጣችው እኔ አውቅ ነበር፤ ለእርሷ ለመንገር ግን አፌ አልደፈረም።

ዘንድሮ እንዲህ ያለው ነገር አይደገምም ብዬ ተነሣሁ። ማሽኖችን ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ፣ ነገር ሲበላሽ በስልክ መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር አለ። በነፃ ነው፤ የተጻፈበት ኮድም ለሁሉ ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይገለብጠዋል፣ ስሕተት ያገኘ ያርመዋል። ድጓ ገልብጦ ለመማር ፈቃድ የሚሸጥ የለም አይደል? እንደዚያው ነው። አቧራ የጠጣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ጠርጌ ጫንሁበት፤ ከማቀዝቀዣው ክፍል የሙቀት መለኪያ ጋርም አገናኘሁት፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ባትሪ አበጀሁለት። ቀላል እንዳይመስልዎ። መመሪያው በሚጻፍበት ገጽ ላይ ከመስመሩ በፊት ሁለት ክፍት ቦታ መተው ሲገባኝ ሦስት ትቼ፣ ግማሽ ቀን አልነሣም ብሎ አለፋኝ። እርስዎ ቤት ጎደለው ብለው ቅኔ የሚያስመልሱት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

መጀመሪያ ላይ በሩ በተከፈተ ቁጥር መልእክት እየላከ ሰዉን አሰለቸው፤ ጨቅጫቃዋ የሚል ስም አወጡለት። ሙቀቱ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ካልቆየ አፍህን አትክፈት ብዬ አረምሁት፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሆነ። መልእክቱንም ሁሉም እንዲረዳው በአማርኛ ጻፍሁት። መጀመሪያ ለመጋዘን ኃላፊዋ ለእትዬ ፀሐይወርቅ «አንደኛ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ይልካል። በሩብ ሰዓት መልስ ከጠፋ ለእርሳቸውና ለእኔ «ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ» ይላል። አሁንም ዝም ከተባለ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ክንዱ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይሄዳል። ጥፋቴ ይቺ ናት እንግዲህ፤ ሌላ የለብኝም።

ግንቦት 3 እሑድ መብራት ጠፋ። እኔ እማዬን ይዤ በጀልባ ወደ ዘጌ እየሄድሁ ነበር፤ ሐይቁ መካከል ኔትወርክ የለም። እትዬ ፀሐይወርቅ ቅዳሴ ላይ ነበሩና ስልካቸውን ዘግተዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ለአቶ ክንዱ ደረሰ። እርሳቸው ደግሞ ሠርግ ላይ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ፊት ተቀምጠዋል፤ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አጠገባቸው የነበሩት አማቻቸው መልእክቱ ሲበራ የመጀመሪያዋን መስመር አንብበው፣ ሰው እየሰማ «ምነው ክንዱ፣ ከሥራ ሊያሰናብቱህ ነው እንዴ?» አሏቸው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አቶ ክንዱ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቀሪውን ሳያነቡ ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

ከመስመሩ በታች ምን ይል እንደነበር ልንገርዎ? «የዘንዘልማ ማቀዝቀዣ ክፍል ሙቀት ከስምንት ዲግሪ አልፏል። አስቸኳይ እርምጃ ይውሰዱ» ይላል። እማዬና ስንትና ስንት ሰዎች የሚኖሩበት መድኃኒት እየሞቀ፣ ሰውዬው ስለ ክብራቸው ይጨነቃሉ። እትዬ ፀሐይወርቅ ከቅዳሴ ሲወጡ ስልካቸውን ከፍተው፣ በነጠላቸው እንዳሉ ባጃጅ ላይ ዘለው ሄደው ጄኔሬተሩን አስነሡ። አንዲት ብልቃጥ እንኳ አልተበላሸችም። ማሽኑ የተሠራበትን ሠራ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ምስጋና ስጠብቅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጡኝ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ቀርቷል፣ አባባ። «የሥራ ተዋረድን በመጣስ ለበላይ ኃላፊ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በመስጠት» ይላል ክሱ፤ ቅጣቱም ምን ይመስልዎታል? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ! ኮምፒዩተሩንም ንቀሉት ብለው አስነቀሉት። ገብቼ ሰደበዎ የተባለው ማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ አለቃና ምንዝር አያውቅም ብዬ ባስረዳቸው፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቅሁና ቃሉን «ማሳሰቢያ» ካደረግሁት ማሽኑ ይመለሳል አሉ። እርስዎ ዕድሜዎን ከቃል ጋር የኖሩ ሰው ነዎት። እሳት ሲነሣ «በትሕትና እናሳስባለን» ይባላል ወይ?

ዐሥር ቀን እምቢ አልሁ። በእነዚያ ቀናት መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ከቤታችን ከሹም አቦ ዘንዘልማ ድረስ በባጃጅ እየበረርሁ ሙቀቱን በዓይኔ ሳይ ሰነበትሁ። ኋላ እትዬ ፀሐይወርቅ ጠርተውኝ፣ ክረምቱ ደጅ ላይ መሆኑን፣ እልኬ ክፍሉን እንደማያቀዘቅዘው ነገሩኝ። «ቃሉን ቀይሪላቸው ልጄ፤ ይቅርታውን ግን ያላጠፋሽውን እንዳትጠይቂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ንዴቴ እማዬን አያክማትም።

ቃሉን ቀየርሁት። አሁን «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ የመድኃኒቱ ክፍል ሞቋልና ቢያዩት» ይላል። በማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ግርጌ፣ የሠራተኛው መልስ በሚለው ቦታ ላይ፣ ይቅርታ የሚል ቃል አላሰፈርሁም። «ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል። እኔ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤዋለሁ» ብዬ ፈርሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁት።

አቶ ክንዱ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ቀና ሳይሉ አብረውኝ የገቡትን እትዬ ፀሐይወርቅን፣ ያ የእኔ መልእክት ከታች ምን ይል ነበር ብለው ጠየቁ። ለካ እስከዚያ ቀን አላዩትም ኖሯል! እትዬም ቃል በቃል ነገሯቸው። ደብዳቤውን አጥፈው «ማሽኑን ሰኩት» አሉና ወጡ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ደብዳቤውም ከማኅደሬ አልወጣም። ማሽኑ ግን ከትናንት ጀምሮ እየጠበቀ ነው።

ለወንድሜ ለግሩም ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውን የሚያነብልዎ እሱ ከሆነ፣ ሳቁን ትቶ ያንብብልዎ። ለሚስቱ ለሊድያ የላከችው ማር በደህና መድረሱን ይንገሩልኝ። ልጃቸውን ርሆቦትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። እዚያው ያሉትን አክስቴን እትዬ የሻሽወርቅን እግራቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ማንን እንደምወቅስ ትጠይቀኛለች። የአምናውን ነገር ዛሬም አልነገርኋትም፤ ብቻ መርፌሽ አይጠፋም አልኋት። ለእርስዎም ደህና ነኝ፣ አያስቡ በይልኝ ብላለች።

ልጅዎ ማህሌት ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.