ደርቋል ያልኩት ምንጭ

ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.፤ ቀበና

የእንጦጦን ምንጮች ታሪክ መጻፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ቡርቃ ጉራቻ የሚባለውን ምንጭ ፈልጌ አጣሁት። ደርቋል ብዬ አዝኜለት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስለ ምንጮቹ የተነገረኝን የመዘገብኩባቸውን የመጨረሻዎቹን ካርዶች የእህቴ ልጅ ሰናይት በጫነችልኝ የማስታወሻ ፕሮግራም ላይ ጽፌ ጨረስኩ። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ገጽ ይከፈታል፤ ገጾቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ገና ያልተጻፈ ገጽ ስሙ በቀይ ይመጣ ነበር። ቀይ የስህተት ቀለም ነው ብዬ በአረንጓዴ አስለወጥኳት።

«አክስቴ፣ ኮምፒዩተሩንም ሊያርሙት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

«የተሰነጠቀው ድንጋይ» የሚል ገጽ ስከፍት፣ ፕሮግራሙ ድንጋዩን የሚጠቅሱትን ገጾች ከግርጌ ራሱ ዘረዘራቸው፤ እመት ውሃ የሚባለው ምንጭ እና ቡርቃ ጉራቻ። ሁለቱም ከዚያ ድንጋይ ሥር ይፈልቃሉ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ግን በአማርኛ የተነገረኝን በአንድ ሣጥን፣ በኦሮምኛ የተነገረኝን በሌላ ሣጥን ስለማስቀምጥ ካርዶቹ ተገናኝተው አያውቁም። ሥርዓት ብዬ የኮራሁበት ነገር ይኸው ነው!

ስለ ቡርቃ ጉራቻ ለነገሩኝ ለአባባ ቶላ ወዲያው ደወልኩ።

«እኛ ቡርቃ ጉራቻ እንለዋለን፣ እናንተ እመት ውሃ ትሉታላችሁ፤ ውሃው ያው ነው። አንቺ ልጅ፣ ምነው ሳትጠይቂኝ?»

በሰባ አንድ ዓመቴ ልጅ ተብዬ ተገሠጽኩ፤ ደስም አለኝ። ሁለቱን ገጾች አንድ አድርጌ ምዕራፉን ቀጠልኩ። ለካ አራት ዓመት ሙሉ ያዘንኩለትን ውሃ፣ ተራራውን በወጣሁ ቁጥር ስጠጣው ኖሬአለሁ።