እስከ ዘጠና ሦስት ኪሎ

መስከረም 22

መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ። ነርሷ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ያያሉ? የእነሱ ሆድ ከእኔ ቢቀንስ በአንድ ጣት ነው።

ኩላሊቴ ግን አንደኛ ነው አሉ። ደሜም ከጋሼ ደም ጋር ተስማምቷል። በሕይወታችን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። ዶክተሩ ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ "ለወንድምዎ መስጠት ይችላሉ፤ በዚህ ክብደት ግን ቀዶ ጥገና አላደርግልዎትም። ዘጠና ሦስት ይግቡና ይምጡ" አለኝ። እስከ መቼ? "እስከ ሚያዝያ። ከዚያ በላይ እሳቸው የሚቆዩ አይመስለኝም።" ይህን ሲናገር የእስክሪብቶውን ክዳን እየፈለገ ነበር።

የአመጋገብ አማካሪዋ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። ልጅ እግር ናት፤ ወገቧ የእኔን ክንድ ቢያክል ነው። "የሚበሉትን ሁሉ ይጻፉበት፤ ራስዎን አይዋሹ" አለች። እሺ። ዛሬ የበላሁት... ስድብ። አንድ ከነርሷ፣ አንድ ከዶክተሩ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከጋሼ በስልክ አንድ ሙሉ ሳህን።

መስከረም 23

ጋሼ የምለው በአራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ነው። እናታችን "ጋሼ በለው" ብላ አዘዘች፤ እሷ ካለፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፣ ትእዛዙ ግን አልሞተም። ጋሼ ሯጭ ነበር። የትምህርት ቤት ሯጭ! ሳሎኑ ውስጥ እስካሁን አራት ሜዳሊያ ተሰቅሏል፤ ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውላቸዋለች። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጆንያ ብሎ ሰየመኝ። ሰፈሩ ተቀበለው፣ ትምህርት ቤቱ ተቀበለው። ሠርጌ ላይ ማይክ ይዞ "ሙሽራው ጆንያ" አለ። እንግዳው ሳቀ። ሙሽራዋም ሳቀች።

ትናንት ውጤቱን ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ያንተ ኩላሊት? ቅባቱን ማን ሊያጥበው ነው?" ተመስገን የለ፣ አመሰግናለሁ የለ። ያ ሁሉ ሩጫ ኩላሊቱን አላዳነለትም። ጆንያው ግን ሁለት ጤነኛ ኩላሊት ይዞ ቁጭ ብሏል። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ደስ አለኝ።

መስከረም 29

ሥራ። የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አሥራ ስምንት ዓመቴ። መኪናው የብረት መድረኩ ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይበራል፣ ከተፈቀደው ካለፈ "ተመለስ፣ አራግፍ" እላለሁ። ያ ነው ሥራዬ። ሹፌር ሁሉ ግን ሌባ ነው። ዛሬ አንዱን በመድረኩና በሲሚንቶው ጠርዝ መካከል ባለው ክፍተት ድንጋይ ወትፎ ያዝኩት። መድረኩ ጠርዙን ከነካ ጭነቱን ሲሚንቶው ያግዘዋል፤ ሚዛኑ አሳንሶ ያነባል። ለዚህ ነው ክፍተቱን በየጠዋቱ በሽቦ የምጠርገው። "ድንጋዩ ከየት እንደመጣ እኔ በምን አውቃለሁ?" ይለኛል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። መለስኩት። ለአርባ ኪሎ የመለስኩት መኪና አለ። ለሃያም አለ።

ወረፋው ሲያልቅ እኔው መድረኩ ላይ ወጣሁ። የእኛ ሚዛን በሃያ በሃያ ነው የሚቆጥረው። የውጭው ሰሌዳ ላይ መቶ ሃያ ብሎ በራ። ስምንቷን ኪሎ ከራሱ ጨምሮልኝ።

ጥቅምት 5

ሜዳ ሄድኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። እዚያ ያለው ሕዝብ! አንዱ አዲሱን ጫማውን ለማሳየት ነው የመጣው፤ ሁለት እርምጃ ይራመድና ማሰሪያውን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን እያወናጨፉ ሰው ያማሉ፤ የሚሠራላቸው ጡንቻ ምላሳቸው ብቻ ነው። አሠልጣኝ ተብዬው ፊሽካ አንጠልጥሎ የራሱን ሆድ በጃኬት ሸፍኗል።

አንድ ዙር ዞርኩ። ልቤ በአፌ ልትወጣ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ጡረተኛ አዋላጅ (እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ማን ጠየቃቸው?) ሻርፓቸውን ጠምጥመው ሁለቴ አለፉኝ። በሁለተኛው፣ "አይዞህ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቀን ሁሉም እንዲህ ነው" አሉኝ። አይዞህ ሲሉኝ ደሜ እንደሚፈላ ማን ይንገራቸው?

ጥቅምት 20

ቁርስ፦ አንድ እንቁላል። ምሳ፦ የተቀቀለ ጎመን። እራት፦ ከምሳ የተረፈው ጎመን። ባለቤቴ "እኔም አብሬህ እበላለሁ" ብላ ሦስት ቀን ቆየች። በአራተኛው ጓዳ ገብታ ብስኩት ስትቆረጥም በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። ኮቴዬን ስትሰማ ማኘክ አቆመች። አፏ ሙሉ ሆኖ ምን ትበል?

አማካሪዋ ደብተሩን ልይ አለችኝ። ይህንን? አበደች እንዴ? ሌላ ደብተር ገዛሁላት። እዚያ ላይ ጎመን ብቻ ነው ያለው።

ኅዳር 14

መድረኩ ዛሬ መቶ አለ! ከመቶ አሥር በታች ወርጃለሁ ማለት ነው። ወርጄ እንደገና ወጣሁ። መቶ። አንድ ሹፌር ክላክስ ነፋብኝ። ይንፋ። ለማንም አልነገርኩም... ጋሼ ቢሰማ "ቀሪው መቶስ?" ነው የሚለኝ።

ታኅሣሥ 6

ጋሼን ለማየት የኩላሊት እጥበት ክፍል ሄድኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ይታሰራል። ከእጥበቱ በፊትና በኋላ ይመዝኑታል፤ ሰውነቱ ስንት ውኃ እንደያዘ የሚያውቁት በዚያ ነው። ብዙ መጠጣት ተከልክሏል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አየሁት። ዓይኔ ለምዶበታል፣ ምን ላድርግ? እጁ ጎኑ ያለውን የአልጋ ብረት ጨብጧል። ክብደቱን ብረቱ ላይ ጥሎ ሊያሳንስ!

"ብረቱን ይዟል!" አልኩ። ጮክ ብዬ። "ሲስተር፣ ያስለቅቁት! ውኃ ሲጠጣ ከርሞ ነው።" ሕመምተኞቹ ሁሉ ዞሩ። ነርሷ ክፉኛ ገላመጠችኝ። ጋሼ ብረቱን እንደያዘ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ "ውጣ" አለኝ።

ወጣሁ። ያ ሁሉ ሜዳሊያ፣ ያ ሁሉ ጉራ፣ መጨረሻው እንደ ሹፌር ሚዛን መስረቅ? እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ታኅሣሥ 8

የጋሼ ሚስት ደወለች። "ኩላሊቱን ለራሱ ያድርገው ብሏል" አለችኝ። ግልግል!

ታኅሣሥ 19

ሜዳ ከሄድኩ አሥራ አንድ ቀን አለፈኝ። አንዱ ባልደረባዬ እድገት አግኝቶ ኬክ አመጣ። ሦስት ቁራሽ በላሁ። አራተኛውን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። የቤቱ ሚዛን መቶ አራት ይላል፤ ሁለት ኪሎ ተመልሶ መጥቷል። ይምጣ። ለማን ብዬ ነው የምከሳው?

ታኅሣሥ 24

የጋሼ ሚስት ሚዛን ጣቢያ ድረስ መጣች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"እትዬ፣ ምነው በደህና?"

"አጭበርባሪ አደረግከው። በሰው ፊት።"

"ብረቱን ይዞ እኮ..."

"ካልያዘ ይወድቃላ! እግሩ አይሸከመውም። ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ደግፌ የማደርሰው እኔ ነኝ። ውኃውንም በመድኃኒት ክዳን እየለካሁ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"ላንተ? እግሬ ከዳኝ ብሎ ይንገርህ? ላንተ?"

እሷ ከሄደች በኋላ አምስት መኪና መዘንኩ። ቁጥሩን አንዱንም አላስታውስም። አሥራ ስምንት ዓመት ሌባ ስፈልግ ኖሬ፣ የደከመ ሰው ከሌባ መለየት አቃተኝ። የገዛ ወንድሜን። መሳቢያውን ስከፍት ኬኩ ሻግቷል። አፍሬ ነው መሰለኝ፣ ማንም ሳያየኝ ጣልኩት።

ታኅሣሥ 25

ሜዳ። አራት ዙር። አዋላጇ "የት ጠፍተህ ነው?" አሉኝ። "የትም።" ሌላ ሳይጠይቁ አብረውኝ ዞሩ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማልንቀው እሳቸውን ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ከሁሉም በላይ የናቅሁት ራሴን ነው።

ጥር 12

ይቅርታ ልጠይቅ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አልጠየቅሁም። ሜዳሊያዎቹ ሥር ተቀምጠን ሁለታችንም የማንደግፋቸውን ቡድኖች ኳስ አየን። ጨዋታው አልቆ ልወጣ ስነሳ፣

"ስንት ገባህ?" አለኝ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ።

"መቶ።"

"ትሮጣለህ ወይስ ትንከባለላለህ?"

"እራመዳለሁ።"

"ሰው በእርምጃ ገበያ ነው የሚደርሰው። ቅዳሜ መጥቼ አይሃለሁ።"

ኩላሊቱን ተቀበለኝ ማለት ነው? ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ጥር 18

መጣ። ሚስቱ ደግፋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ካፖርት ለብሷል፤ ጉንጮቹ ጎድጉደዋል፤ የድሮ የሩጫ ሰዓቱ እጁ ላይ ነው። አፉ ግን እንዳለ ነው። "ጆንያ! ዝንብ ነው የምታባርረው? ክንድህን ሰብስብ!" ሜዳው ሁሉ ሰማ። የአዲስ ጫማው ሰውዬ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሼ ወደ እሱ ዞረና፣ "አንተ ምን ያስቅሃል? እሱ ይሮጣል፤ አንተ ማሰሪያ ታስራለህ" አለው። ሰማሁ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ያችን ዙር ግን ሳላርፍ ጨረስኳት።

ሳርፍ ስለዚያ ክፍተት ውስጥ ስለተወተፈው ድንጋይ አጫወትኩት። መድረኩ ጠርዙን ሲነካ ክብደት እንደሚሰወር በእጄ እያሳየሁ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "አንተም ይሄን ስታሳድድ አረጀህ?" አለኝ። ብቻ... እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 20

ዘጠና ስድስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘጠና ስድስት! አማካሪዋ "ሰውነትዎ እየተላመደ ነው" ትላለች። ከማን ጋር ነው የሚላመደው? ሱሪዬን ባለቤቴ ሁለቴ ስላጠበበችው የኋላ ኪሶቹ ሊሳሳሙ ደርሰዋል። ጋሼ ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። የክንዱ ደም ሥር ተዘግቶ አሁን በአንገቱ በኩል ነው የሚታጠበው። ዛሬ ብቻዬን ስሮጥ "ክንድህን ሰብስብ" የሚለኝ ሰው ጠፋ። ሰበሰብኩ።

ሚያዝያ 9፣ ጠዋት

የቤቱ ሚዛን፦ ዘጠና አራት ነጥብ አንድ። ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ሸሚዜን አወለቅሁ፣ ሰዓቴን፣ ቀለበቴን። ያው ነው። ይህን ሚዛን በመሥሪያ ቤቱ መፈተሻ ብረት ራሴ ፈትሼዋለሁ፤ አይዋሽም። ምነው አንድ ቀን ቢዋሽ!

የመጨረሻው ምዘና ዛሬ ከሰዓት ነው። ካላለፍኩ የቀዶ ጥገናው ቡድን እንደገና የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጋሼ ሦስት ወር የለውም።

ሚያዝያ 9፣ ማምሻ

ጋሼን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተውታል። ያስገቡን ከዚህ በፊት ያልገባሁበት ክፍል ነው። ሚዛኑን ጥግ ላይ አድርገውታል። ሳልወጣበት አየሁት። አንዱ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ግድግዳው ያግዘዋል ማለት ነው። ማንም ልብ አላለውም። ማን ልብ ይላል? እንደ እኔ ክፍተት ሲጠርግ የኖረ ካልሆነ...

"ይውጡ" አለች ነርሷ።

ወጣሁ። "ከግድግዳው ሳብ አድርጉት" ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ጋሼ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። አንገቱ ላይ ፕላስተር አለ።

"ዘጠና ሁለት ነጥብ ስምንት! ጎበዝ! እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

ፈረምኩ። የሐሰት ቁጥር ላይ ስፈርም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ጋሼ ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ።

"ጆንያ። ግድግዳውን ነክቷል እኮ።"

"የቱ ግድግዳ?" አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ዞሬ አላየሁም። ወንበሩን እየገፋሁ ይዤው ወጣሁ።

ሚያዝያ 10

ቀኑ ተቆረጠልን። ሚያዝያ 21።

ዛሬ አንድ መኪና አርባ ኪሎ ትርፍ ይዞ መጣ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ "ተመለስ" የምለው የሹፌሩን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛውን እያየሁ ነው ያልኩት።

"ለአርባ ኪሎ?" ብሎ ጮኸብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ወንድም የለህም?"

"አለኝ" አልኩት።

መኪናውን መለስኩት። ከእሱ በኋላ የመጡትን ግን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ዋልኩ።