ሁለት ካራ

ጥር 6
አምሀ፣ የጫካው ካርታ ሠሪ። ባሌን ወልደየሱስን ያስቃጠለው እሱ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ስም ለመጻፍ ይመስለኛል። ካርታው ላይ የእሳት መከላከያ መስመር ብሎ የሳለው የከብት መንገድ ነበር። ወልደየሱስ እሳት ሊያጠፋ ወጥቶ፣ ካርታውን አምኖ እዚያ ቆመ፣ እሳቱ ተሻገረበት። ዘጠኝ ዓመት ሆነ...

ዛሬ ገበያ ሽንኩርት ረክሷል። ስመለስ ትንቢት፣ "እማ፣ እሳት አጥፊዎቹ ጋ ተቀጠርኩ" አለችኝ። በማን ካርታ? በዚያው ሰውዬ!

ጥር 14
አምሀ ራሱ በባጃጅ መጣ። "አካም፣ እትዬ ሀረገወይን?" ሰላምታውን ትቼ፣ ምን ፈልገህ ነው አልኩት። አዲስ ካርታ ሊሠራ ነው። ከሰማይ በተነሳው ፎቶ መስመሩም የከብቱ መንገድም ያው ነጭ ክር ነው። "መስመሩን በዶማ የጠረጉት እርስዎ ነዎት፣ ይለዩልኝ።" ያኔ ምነው አልጠየቅክ? ... እሺ አልኩ። እዚያ ላይ የምትቆመው ልጄ ናት።

ጥር 16
ከአምሀና ከትንቢት ጋር ጫካ ዋልን። ጉልበቴ አለቀ።
"ይኸኛውስ፣ እትዬ?"
"የከብት ነው። ሲጠማዘዝ አታይም? ከብቱ ወደሚጠጣበት ኤላ ይወርዳል። የእኛ መስመር ውሃ አይጠማውም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።"
ትንቢት ሳቀች። ደረቁን እበት በእግሬ ገለበጥኩላቸው። ያኔ እሳቱ የተሻገረው በዚህ ነው። እኛ የጠረግነው ላይ ሥር እንኳ የለም፣ የግራና የቀኙ ቅርንጫፍም አይነካካም።

ምሳ ላይ የአምሀ አሮጌ ደብተር ተከፍቶ አየሁ። ማንበብ መቻሌን አላወቀም። "ካራ ነው፦ ወልደየሱስ እንደነገረኝ።"

ካራ... በኦሮምኛ መንገድ። ሠራተኛው መስመሩን ካራ ኢቢዳ ይለዋል፣ የእሳት መንገድ። ሲያሳጥሩት ካራ። የከብቱም ካራ ሎኒ ነው። ወልደየሱስ ከጦር ሰፈር የወጣ ሰው፣ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። እረኛ ጠይቆ ይሆናል። ካራ ሲሉት የእሳቱ መስመር መስሎት ለአምሀ ነገረው...

"ዘጠኝ ዓመት ስረግምህ ለምን ዝም አልክ?"
"አጣርቶ መሳሉ የእኔ ሥራ ነበር፣ እትዬ።"

ጥር 17
እስክሪብቶ ያዝኩ። አሁን ማንን ልክሰስ?

የካቲት 21
እሳት ተነስቶ ትንቢት ትናንት ወጣች። በር ላይ ክንዷን ይዤ ነበር፣ አስለቀቀችኝ። ዛሬ ረፋድ ላይ ቅንድቧ ተለብልቦ፣ እየሳቀች ገባች። "እማ፣ መስመርሽ ጋ ሲደርስ ቆመ! የሚሻገርበት አጥቶ ሲንቆራጠጥ ብታዪው!" ሁሉም ተመልሰዋል። አንድም ሰው አልጎደለም።

ቀጥሎ በክብረ መንግሥት በኩል ያለውን መስመር ሊለዩ ነው። እኔም እሄዳለሁ። አምሀ ወሬ ያበዛል፣ አሁንም አልወደውም። ልጄን ግን ከእንግዲህ በር ላይ ክንዷን አልይዝም።