ያልረገምኩት ፓምፕ

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የዳገት ሰፈር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በጤና እንድትውሉ፣ የኮሚቴው አባላትም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስትመላለሱ እንቅፋት እንዳይመታችሁ ከልብ እመኛለሁ። ቀጥዬ በሰፈሩ የሚወራውን ላርም፦ ፓምፑን አልረገምኩም። ሰባ ስድስት ዓመት ስኖር ሰው ረግሜ አላውቅም፤ ብረትማ ምን አድርጎኝ። ፓምፑ የተቃጠለው ያለ ውሃ ስለዞረ ነው።

ወሬው ከየት እንደተነሣ አውቃለሁ። የምረቃው ዕለት ድንኳን ተተክሎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ሰዉ ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ሲል፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ለጎረቤቴ ለዓሊማ «ይህ ዕቃ ሳምንት አይሞላውም፤ ይቃጠላል» አልኳት። ጆሮዬ ስለደከመ የድምፄን ልክ አላውቀውም፤ ከድንኳኑ ውጪ ድረስ ተሰምቷል ይባላል፣ ስለዚህ ጉዳይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአምስተኛው ቀን ፓምፑ ጨሰ። በስድስተኛው ቀን ሴቶቹ በደጄ ሲያልፉ ጄሪካናቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ።

የተናገርኩት ግን ስሌት ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ስማር የፊዚክስ መምህራችን መልሱን ያለ መለኪያ የጻፈን ተማሪ ከሰሌዳው ሥር አቁመው «ሠላሳ ምን? ሠላሳ ፍየል?» እያሉ ክፍሉን ያስቁበት ነበር። እኔም አንድ ቀን ቆሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳልመዝን ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ አቤቱታዬን፣ ኮሚቴው በሚወድደው ሥርዓት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ዳገቱ። ከበላያችን የነበረው ምንጭ ከደከመ ወዲህ የሰፈራችን ውሃ የሚጠራቀመው ከዳገቱ ግርጌ ባለው ታንከር ነው። ከታንከሩ እስከ እኛ ቤት ያለው ከፍታ ሠላሳ ሜትር ነው፤ የለካው ቧንቧ ሠራተኛው ሁዜይፋ ሲሆን እርስዎም ሲለካ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አይቻለሁ። ውሃ አሥር ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ባር በሚባለው መለኪያ አንድ ባር ግፊት ይፈልጋል። ለሠላሳው ሜትር ሦስት ባር፣ ውሃው ከቧንቧው ጋር ሲተሻሽ ለሚባክነውና ከላይ ደርሶ ባልዲ ለመሙላት ለሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ባር ያህል ብንጨምር፣ አራት ይሆናል። ይህ ግፊት በራሱ ስለማይገኝ ነው የሰው ልጅ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ የሠራው። ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም፣ ውሃ አይጠራም፤ እጁ የገባውን ውሃ ይገፋል። ሥራው ይህ ብቻ ነው፣ ይህንንም ቢፈቀድለት በሚገባ ይሠራል።

፪. ስለ ቦታው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «መድኃኒት የሚደረገው ቁስሉ ላይ ነው፤ ውሃ የጠፋው ላይ ነውና ፓምፑም ላይ ይተከል» ብለው ሲናገሩ ተጨብጭቦልዎታል። ንግግርዎ ማማሩን አልክድም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በድሬሰርነት ቁስል ያጠብኩ ሴት ነኝና በትሕትና አንድ ነገር ልጨምር፦ ወባ ራሱን የሚፈልጠው ሰው ክኒኑን ይውጠዋል እንጂ ግንባሩ ላይ አይለጥፈውም።

የፓምፑ ሆድ ውስጥ ክንፎቹ የታጠፉ መዘውር አለ። ሞተሩ ሲያዞረው በመሐል የገባውን ውሃ እንደ ወንጭፍ ወደ ዳር ይወረውረዋል፤ የዳሩ ቅርፊት ደግሞ የተወረወረውን ሰብስቦ ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። ድንጋይ ያልያዘ ወንጭፍ ቀኑን ሙሉ ቢሽከረከር ከገብስ ማሳ ላይ አንድ ዝንጀሮ አያባርርም። «ከታች ስቦ ያመጣዋል» እንዳይሉኝ ይህንንም ላስረዳ፦ ፓምፕ ሲስብ የሚያደርገው በመቃ ብርዝ እንደሚጠጣ ሰው ነው፤ ከፊቱ ያለውን አየር ያሳሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ግን የውጪው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ያለ ወፍራም አየር እንኳ ውሃን ከአሥር ሜትር አያስበልጥም። የእኛ የደጋው አየር ስስ ነው፤ በወረቀት ላይ ሰባት ሜትር ተኩል ቢገፋ ነው፣ በሥራ ላይ ከዚያም ያንሳል። የተጠየቀው ሠላሳ ነው።

ይህን ሁሉ ሁዜይፋ በአጭሩ ነግሮዎት ነበር፤ እኔም አጥሩ ጥግ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከታች ታንከሩ ጎን ነው መቀመጥ ያለበት» አለዎት። «አንተ ብሎንህን አጥብቅ፤ ቦታ የኮሚቴ ነው» አሉት። በኋላ እንደተረዳሁት ከታች ያለው መሬት የከብት መሄጃ ስለሆነ ጭቃ ነው፣ የእንግዶች መኪናም አይገባበትም፤ ከላይ ግን መንገዱ ዳር ስለሆነ ለፎቶግራፍ ይመቻል። ስለዚህ አርቆ አስተዋይነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ፎቶው በእውነት አምሯል።

፫. ስለ አምስቱ ቀናት። የምረቃው ዕለት ቧንቧው እንዴት ውሃ እንደተፋ ብዙ ሰው አላወቀም። ጠዋት በአህያ ተጭኖ የወጣ ስምንት ጄሪካን ውሃ በቧንቧው የላይኛው አፍ ተሞልቶ ነበር፤ ፓምፑም ያንኑ ለሦስት ደቂቃ ተፍቶ ጨረሰው፣ እልልታውም አብሮ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልረሳውም። ከፓምፑ ጋር ውሃ ሲጠፋ ሞተሩን የምታጠፋ ትንሽ መቆጣጠሪያ መጥታ ነበር። እሷም እንግዶቹ እንደቆሙ ሞተሩን አጠፋችው። አበሩት፤ አጠፋችው። እንደገና አበሩት፤ እንደገና አጠፋችው። በመጨረሻ «እንግዶቹ ድምፁን እንኳ ይስሙት» ተብሎ ሽቦዋ ተቆረጠ። ከተሰብሳቢው መሐል ውሃ እንደሌለ ደፍራ የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች፤ የደረሰባትም የሚደርስ ነገር ነው።

በማግስቱ ፓምፑ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት እንዲዞር ወሰናችሁ። ከአባላቱ አንዱ «ውሃው መንገዱን እስኪለምድ ጊዜ እንስጠው» ማለቱን ሰምቻለሁ። ውሃ በቅሎ አይደለም። የፓምፑ ዘንግ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዝ ማሸጊያ አለው፤ ማሸጊያውን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው የሚያልፈው ውሃ ራሱ ነው። ውሃ ከሌለ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጨሳል። እኔ «ሳምንት አይሞላውም» ያልኩት ለእንግዶቹ ክብር ስል ጥቂት ቀን ጨምሬ ነው።

፬. ስለ እኅቴ። ይህን ቁጥር ባልጽፈው እመርጥ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎቹን ያጻፈኝ እሱ ነው። ታላቄ አልታየች ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆናት። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። ገላዋንና አንሶላዋን በየቀኑ ማጠብ አለብኝ፤ ለዚህ ሁለት ጄሪካን፣ አርባ ሊትር ያስፈልገኛል። ቧንቧችን ከደረቀ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። ዓሊማ፣ አላህ ይስጣትና፣ የራሷን ቤት ካጠጣች በኋላ በአህያዋ በሁለት ቀን አንድ ጄሪካን ታመጣልኛለች። ከዚህ በላይ እንድትጨምር መጠየቅ ነውር ነው።

ከሁለት ወር በፊት የአልታየች ወገብ ቀላ። ከዚያ ቆዳው ተከፈተ፤ መጀመሪያ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ነበር። ዛሬ የመዳፌን ግማሽ ያህላል። ሠላሳ ዓመት የሰው አልጋ ቁስል ሳጥብ፣ «ይህ የቸልተኛ ቤት ቁስል ነው» እያልኩ ቤተሰቡን ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ቁስሉ ከቤቴ ነው። እሷ አታማርርም። ባለፈው እሑድ ብቻ አንሶላዋን ሳልቀይር ስቀር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ሙሉዬ፣ ሸተትኩሽ እንዴ?» አለችኝ። ኮሚቴው ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው መልስ ካለ በጽሑፍ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

፭. ስለ ሽማግሌዎቹ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሦስት ማመልከቻ ጽፌ፣ በሁለቱ ላይ የታንከሩንና የዳገቱን ሥዕል በማስመሪያ ሠርቼ አስገብቻለሁ። መልስ አላገኘሁም። ረገመች ተብዬ በሦስተኛው ቀን ግን ሼህ ሷሊህና ቄስ ብዙአየሁ ከኮሚቴው ተልከው እጅ ለእጅ ተያይዘው በሬን አንኳኩ። ስለዚህ የሰፈራችን አስተዳደር ከማመልከቻ ይልቅ ለእርግማን ፈጣን መሆኑን ለመገንዘብ ችያለሁ፤ ለሌሎች ባለ ጉዳዮችም ይጠቅማልና እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ሼሁ «እትዬ ሙሉሐረግ፣ አፉ ይበሉን» አሉ። «ምኑን?» አልኩ። ቄሱ «ያወጡትን ቃል ይመልሱት» አሉ። አልረገምኩም ብዬ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ወንጭፉንም መቃውንም ጭምር፣ አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ሼህ ሷሊህ ጺማቸውን ዳብሰው «እንዳልረገሙማ እናውቃለን፤ ብቻ ያንሡልን» አሉኝ። ለእርቁ እጅ መንሻ ብለው አንድ ጄሪካን ውሃ በበቅሎ ጭነው መጥተው ነበር። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ኮሚቴው ከቤቴ ያደረሰው የመጀመሪያው ውሃ ይህ ነው። ያልበደልኩትን በደል ያመንኩ ያስመስለኛል ብዬ ልመልሰው አሰብኩ። ከዚያ የአልታየችን ወገብ አሰብኩና ተቀበልኩ።

እንግዲህ ሁለተኛው ፓምፕ ከደሴ መጥቶ በሳጥኑ እንዳለ፣ ነገ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት በዚያው በላይኛው ቦታ እንደሚተከል፣ ለእኔም ከፊት ረድፍ ወንበር ተይዞልኝ እንድመርቅ እንደሚጠበቅ ተነግሮኛል። አስቤበታለሁ። ለመመረቅ አስቀድሞ መርገም ግዴታ አይደለምና እመርቃለሁ። የምመርቀው ግን ከታች፣ ከታንከሩ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ምርቃቴ እንደ ውሃው ነው፤ በራሱ ዳገት አይወጣም። ፓምፑ እንዲመረቅለት የሚፈልግ ሰው ሳጥኑን ይዞ ይውረድ። ሁዜይፋ ቁልፎቹን ይዞ እንደሚጠብቅ ቃል ሰጥቶኛል፤ የመብራቱ ምሰሶም ከታንከሩ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ጭቃው ላይ የሚነጠፍ ድንጋይ በሰፈራችን ሞልቷል። ከላይ ተክላችሁት ቢቃጠል የእኔ እርግማን ይባላል፤ ከላይ መርቄው ቢቃጠል ምርቃቴ ሐሰት ይባላል። የእርስዎም የእኔም ስም ሳይጎድፍ የሚቀርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጭቃ ነው።

ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡ ለትዕግሥትዎ፣ ካላነበቡም ለጽናትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎቹም አጭር ዕድሜ በመመኘት፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሙሉሐረግ አድማሴ
የዳገት ሰፈር ነዋሪ፣ ጡረተኛ ድሬሰር

ማስታወሻ፦ ፓምፑ ሲወርድ ስምዎ የተቀረጸበት እብነ በረድ ከላይ ባለበት ይቆይ። ያለ ውሃ ጉዳት ሳይደርስበት የሚቆም እሱ ብቻ ነው። ነገ የማደርገውን ካሁኑ ቢያውቁት ለዝግጅት ይረዳዎታል፦ ከሁሉ በፊት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አልታየችን በቀኝ ጎኗ አስተኝቼ ቁስሏን በቀረው ውሃ አጥባለሁ። ቀጥሎ ዓሊማን አጠገቧ አስቀምጣለሁ። ከዚያ አንድ በርጩማና ባዶ ጄሪካን ይዤ ወደ ታንከሩ እወርዳለሁ፣ እስከ ስድስት ሰዓትም እቀመጣለሁ። ሳጥኑን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ እመርቃለሁ። ከሌለ ጄሪካኑን እስከ ግማሹ ሞልቼ ራሴ ይዤው እወጣለሁ፤ አሥር ኪሎ ነው። ስድስት ጊዜ አርፋለሁ።